በነጻ አልቀበልም ያለው ልብስ ሰፊ

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ስሙ ያስፈራል እንጂ መሣሪያዬ ካውያ ነው። ሱቄን ከልብስ ሰፊው ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። እሱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው ሥራዬን ሳላቆም ከወዲህ ሆኜ ነው። እኔ ከሚስቴ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ደግሞ እሱ ከወዲያ ሆኖ፣ "ተዋት፣ እሷ ናት ልክ" ይለኛል። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ኖረናል። ስለሱ ለመናገር ከኔ የተሻለ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ ካለም ይምጣና ያርመኝ።

ልብስ ሰፊውን አቶ ሜትር ያልነው እኛ ጎረቤት ባለሱቆች ነን። መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣም፣ ባንክ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። ሰውዬው ራሱም እንደዚያው ነበር። ከሚገባው በላይ አንዲት ጣት አይወስድም፣ ለሰው ከሚገባውም አንዲት ጣት አያስቀርም።

ደግሞ አንድ አመል ነበረው፤ ነጻ የሚባል ነገር አይወድም። ስስታም ነበር ማለቴ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት የልጇን የትምህርት ቤት ሱሪ ልታሳጥር መጥታ "ምንም አልያዝኩም" ስትለው፣ "እሺ፣ እስኪያልቅ ያንን የተተበተበ ክር ፍቺልኝ" ይላታል። ሴትየዋ ክሩን ትፈታለች፣ እሱ ሱሪውን ያሳጥራል፣ ሁለቱም ቀና ብለው ይለያያሉ። እኔም ሸሚዙን ስተኩስለት ዝም ብሎ ወስዶ አያውቅም፤ ወይ የተበጠሰ ቁልፌን ይተክልልኛል፣ ወይ ከወዲያ በኩል ሻይ ያዝዝልኛል። "በነጻ የተሰፋ ልብስ ይተረተራል" ነበር የሚለው። እኔ ነገሩን ኩራት እለው ነበር። ዛሬም ኩራት ነው ባይ ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ኩራት የነበረው ሌላ ሰው አላየሁም።

ሚስትም ልጅም የለውም። "መቼ ነው የምታገባው?" ሲሉት፣ "ልኬ አልተገኘም" ብሎ ይስቃል። ያለችው አንዲት ታናሽ እህት ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች፤ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። አድጋ ከጎኑ ሁለተኛው ማሽን ላይ ተቀመጠች። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ የሷ ሥራ ነው። "ጋሼ" ነው የምትለው። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ሬዲዮ ገዝቼ የማላውቀው በነሱ ምክንያት ነው።

በሽታው የጀመረው ከእግሩ ነው። ፔዳሉን ሲረግጥ ጫማው ጠበበው። እሱ ጫማውን ተቆጣ፤ ጫማ ሠሪውን ተቆጣ። ቀጥሎ ፊቱ ጠዋት ጠዋት ያብጥ ጀመር። እህቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸውን ሰምተው ተመለሱ። የዚያን ቀን ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ንትርክ አልነበረም። ካውያዬን አጥፍቼ ብጠብቅ ብጠብቅ አንድም ቃል የለም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ሆነ። እህቱ ሱቁን ስትጠብቅ እኔ ይዤው እሄድ ነበር። ክፍሉ ረጅም ነው፤ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ አልጋ ራስጌ አንድ ማሽን ቆሟል። ግድግዳው ላይ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ሲገባ ያበጠው ሰው ሲወጣ ሟሽሾ ነው፤ ስለዚህ የሱሪውን ወገብ ራሱ ተርትሮ ላስቲክ አስገባበት። "እኔ ላስቲክ የምጠላ ሰው!" አለኝ ሲያሳየኝ። ውሃ እንደልቡ መጠጣት ተከልክሎ በሽሮፕ ቆብ እየለካ ይጠጣ ነበር። ጥሙን ሳየው እኔ በፊቱ መጠጣት አፈርኩ። ኩላሊቴን ልስጥህ እንዳልለው ስኳር አለብኝ፤ ዶክተሮቹ ገና አፌን ስከፍት ነው የመለሱኝ። ምንም ላደርግለት አልቻልኩም፤ የማውቀው መተኮስ ብቻ ነው።

ከአልጋው ቀጥሎ የሚተኛ አንድ ነጋዴ ነበር። ቆርቆሮና ምስማር ሻጭ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ነርሶቹን ሁሉ "የኔ እመቤት" የሚል። አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የአጎቴ ልጅ ተገኝቷል" አለን።

"እሰይ! የት ነበር እስካሁን?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ደላላው ነው ያገኘው" አለና በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ኩላሊቱን የሚሸጥ ሰው በዘመድ ስም ተገኝቶለት ነበር። አቶ ሜትርም ገብቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የአቶ ሜትር ግን የውሸት ዘመድ አልነበረም። እህቱ ሳትነግረው ሄዳ ተመርምራ ነበር። ውጤቱ የመጣ ዕለት እኔ ከወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ጋሼ፣ ኩላሊቴ ካንተ ጋር ይስማማል ብለውኛል" አለችው።

ማሽኑ ቆመ። "በምን?" አላት።

"በምን ማለት?"

"በምን ትሰጪኛለሽ?"

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? እኔን ያሳደግከኝ በምን ነበር?"

"እሱ ግዴታዬ ነው።"

"ይሄም ግዴታዬ ነው!"

"አይደለም። ታላቅ ታናሹን ያሳድጋል። ታናሽ ለታላቁ ይቀደዳል የሚል ግን የትም አልሰማሁም።"

አለቀሰች፣ ሰደበችው፣ መቀሱን ወረወረች። እሱ ፍንክች አላለም። "ሱቁን ከነማሽኑ ባንቺ ስም አዞራለሁ። እንቢ ካልሽ እዚያ አልጋ ላይ አልወጣም፤ ከፈለግሽ ቆመሽ ቅበሪኝ" አላት። የሰውዬውን አመል ታውቀዋለች፤ አልወጣም ካለ አይወጣም። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ አዙረው! ብቻ ኑርልኝ" አለችው። እኔ ከወዲህ የማን ሸሚዝ እንደሆነ እንጃ፣ ኮሌታውን አቃጠልኩት።

እንግዲህ ልብ በሉ። እሷ ሱቁን ፈልጋ ኩላሊቷን አልሸጠችም። ሱቁን የተቀበለችው እሱ ኩላሊቷን እንዲቀበላት ብላ ነው። በሱቁ የተባበለው እሱ ራሱ ነበር እንጂ እሷ አይደለችም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ታውቃለች፣ ኮምፔንሳቶው ያውቃል። ከኛ ውጭ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ይመስላል። እሱን ያኔ አላሰብንበትም።

በሳምንቱ ሄዶ ስሙን አዞረ። የሱቁንም ሰሌዳ አስለወጠ፤ የሷን ስም በትልቁ አጻፈበት። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ "እኔ ከዛሬ ጀምሮ ተቀጣሪ ነኝ፤ ዋጋ ከሷ ጋር ተነጋገሩ" ይል ነበር። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ንቅለ ተከላው ከመደረጉ በፊት አንድ ኮሚቴ አለ፤ ሰጪንም ተቀባይንም ይጠይቃል። ቤተሰቡን የሚያውቅ አንድ ሰው ይምጣ ስለተባለ እኔ ሄድኩ። ነጋዴው አስቀድሞ መክሮን ነበር። "አንድ ጥያቄ ይጠይቋችኋል። ምን ሰጠሃት ይሉሃል። ምንም በል። ዋናዋ ጥያቄ እሷ ብቻ ናት፤ ሌላው ለወግ ነው" አለ። እኔም በታክሲ ውስጥ ደግሜ ነገርኩት።

"ምንም ልበል?" አለኝ።

"ምንም በል።"

"እህቴን በነጻ አስቀደድኳት ልበል? በሰው ፊት?"

"ለአንድ ደቂቃ በላ! ምን ይጎዳሃል?"

መልስ አልሰጠኝም። አለመመለሱ እሺታ መሰለኝ።

መጀመሪያ እህቱን ለብቻዋ አስገቧት። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል፤ ወንድሟን እንኳ ሳታናግር መተላለፊያው ዳር ሄዳ ቆመች። ቀጥሎ እኛ ገባን። ሦስት ሰዎች ናቸው። መሐል የተቀመጠችው ዶክተር ጸጉሯ ሽበት የጣለበት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። ክፉ ሰው ብትሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

"እህትዎ ኩላሊቷን ልትሰጥዎ ፈቅዳለች። እርስዎስ ለእሷ የሰጡት፣ ወይም እሰጣለሁ ያሉት ነገር አለ?" አለችው።

ከኋላ ሆኜ ኮቱን ጎተት አደረግሁ።

"አለ እንጂ፣ ዶክተር! ሱቄን ሰጥቻታለሁ" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ከጎኗ ያለው ሰው ቀና ብሎ አየው። "እህትዎ ምንም አልተቀበልኩም ብላናለች" አለችው ቀስ ብላ።

"አፍራ ነው። ተቀብላለች፤ ሰሌዳው ላይ ስሟ ተጽፏል።"

"እንግዲያው በዚህ ሁኔታ መቀጠል አንችልም።"

አቶ ሜትር ግራ ገባው። እኔን አየ፣ እነሱን አየ። "አንሶ ነው?" አለ። "ማሽኖቹንም ጨምሬ ነው እኮ። ካነሰ የምጨምረው ደግሞ..." ዶክተሯ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው። እኔ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስረዳችው። የሰው አካል በዋጋ አይለወጥም፤ ዋጋ ያለበት ስጦታ ስጦታ አይደለም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ እሷም አትፈቅድም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ ስትጨርስ በእርጋታ ጠየቃት።

"ዶክተር፣ እርስዎ ቀዶ ጥገናውን ሲሠሩ ይከፈልዎታል?"

"አዎ።"

"ነርሷስ?"

"ይከፈላታል።"

"በር ላይ ያለው ዘበኛ? ማሽኑን የሚሸጠው? መድኃኒቱን የሚያስመጣው?"

"ይከፈላቸዋል።"

"ታዲያ በነጻ የምትሄደው የተቀደደችው ብቻ ናት?"

"ልክ ነዎት" አለች ዶክተሯ። "ግን አንዲት ልጅ እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ 'የአክስቴ ባል ነው፣ ወድጄ ነው' አለችኝ፤ አመንኳት። በኋላ ቁስሏ አመርቅዞ መጣች። የአክስቷ ባል አልነበረም። ከተስማሙበት ግማሹን ሰጥተው ግማሹን ከልክለዋት ነበር። ያንን በር ብከፍተው እንደ እርስዎ እህት ያለች ሴት ብቻ አትገባም። የሚገቡትን አይቻለሁ።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። እሱ ልክ ነው። እሷም ልክ ናት። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች ተቀምጠው ሦስተኛዋ ውጭ ኩላሊቷን ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የተነገረን ይሄ ነው፤ የሱቁ ስጦታ ይፍረስ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አመልክቱ፣ ጉዳዩ እንደገና ይጠናል። "መቼ?" ስል፣ "ይነገራችኋል" ተባልኩ።

እህቱ መተላለፊያው ላይ ስታየን ከፊታችን ሁሉንም አነበበች። "ጋሼ፣ ምን አልካቸው?"

"እውነቱን።"

"ያንተ እውነት ይግደለኝ!" ብላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ዋሾ ሆንኩልህ፤ አንተ እውነተኛ ሆንክ! አሁን ማን ይተርፋል?" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ሊያነሳት ጎንበስ አለ፤ አቅም አልነበረውም። ሁለቱንም ያነሳሁ እኔ ነኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ማደሪያ ላለው ሰው ነው ይሄ ተረት። እሱ የሚያድረው በማሽን ነው።

ሱቁ ወደሱ ተመለሰ፤ ሰሌዳውም እንደገና ተቀባ። ሰውዬው የሰጠውን መልሶ ሲወስድ የታየው በሕይወቱ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ዓይን ማየት ተወ። ክርክሩም ጠፋ፤ ሁለቱም አጎንብሰው ይሰፋሉ። አንድ ቀን ከወዲያ በኩል፣ "ጎረቤት፣ ብዋሽ ይሻል ነበር?" አለኝ።

አዎ ልለው ፈለግሁ። ኮሚቴው ፊት የሱን ኮት የጎተትኩ ሰው አሁን አልደፈርኩም። "እኔ እንጃ" አልኩት። "እኔም እንጃ" አለ፤ ማሽኑም ቀጠለ።

ነጋዴው ጤነኛ ሆኖ ከረሜላ ይዞ የእጥበቱን ክፍል ሊጎበኝ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጉንጩ ቀይ፣ ሳቁ ያው። ውሃ በትልቅ ጠርሙስ ይዟል፤ እያወራ ይጎነጫል። "የአጎትህ ልጅስ?" አልኩት። "ደህና ነው መሰለኝ" አለኝ። መሰለኝ! አቶ ሜትር ከአልጋው ሆኖ፣ "እንኳን ለዚህ አበቃህ" አለው፤ ከልቡ ነው ያለው። እኔ እንደሱ ደግ አይደለሁም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ ያንን ጠርሙስ ነጥቄ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር።

እህቱ ሥራዋን ትታ የሆስፒታሉን ቢሮዎች መመላለስ ጀመረች። አንዱ ወደ አንዱ ይልካታል። ያቺ ሽበታም ዶክተር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች ተባለ። አዲሶቹ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። "ስጦታው የፈረሰው ለይምሰል እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ኋላ ላይ አይመልስልሽም?" ብለው ጠየቋት።

"ወንድሜ ይዳን እንጂ ሱቁን ራሴ አቃጥልላችኋለሁ" አለቻቸው። ይሄም ጥሩ መልስ አልነበረም። የተረጋጋች መሆኗ እንዲመረመር ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ሳቋ አስፈራኝ፤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት፣ ሻይ አመጣሁላት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።

አቶ ሜትር ልቡ እየደከመ ሄደ። መቀሱ ከበደውና መቁረጡን እህቱ ያዘችው። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ፣ "ወደ ግራ... አዎ፣ እዚያ ጋ" ይላታል። ቀጠሮዋ ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እጥበቱ አልቆ ነርሷ "ይነሡ አባቴ" ስትለው አልተነሣም። እኔ አጠገቡ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ እንዳይቀሰቅሱት በእጄ ምልክት ሰጠሁ።

ለእህቱ መርዶውን የምነግራት እኔ ነበርኩ። ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ጠጣ?" አለችኝ። "ምኑን?" አልኳት። "ውሃ። ደህና አድርጎ ጠጥቶ ነው የሞተው?" ሳልነግራት አውቃለች። "አዎ፣ ጠጥቷል" አልኳት፤ ሐሰት ነው።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አብሬያት የውርስ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። ምስክር ስለሚያስፈልግ ነው። ጸሐፊው ወጣት፣ ትሑት፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ "ሌላ ወራሽ የለም። ሱቁ ከነማሽኖቹ ወደ እርስዎ ይዞራል" አላት።

"አይቻልም" አለችው።

"ይቅርታ?"

"አይቻልም፣ ከልክላችሁኛል። ላድነው ስል ሱቁን መቀበል አይቻልም ብላችሁኛል።"

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"እትዬ፣ እኛ የውርስ ክፍል ነን" አላት በአዘኔታ። "እዚህ የሚጠየቀው መሞታቸው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተረጋግጧል።" ብዕሩን ወደሷ ገፋ አደረገ። "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

ፈረመች።